እንጦጦ ፓርክ፦ ኬሞ እየወሰዱ ወደ ሩጫ ለመመለስ

ለአሥራ አንድ ዓመታት ያህል የቅዳሜ ማለዳዬ የሩጫ ነበር፤ ታላቁን ሩጫም አምስት ጊዜ ሮጫለሁ። የጡት ካንሰር እንዳለብኝ በታወቀ ሰሞን ለሐኪሜ ካቀረብኋቸው ጥያቄዎች አንዱ መቼ ወደ ሩጫ እንደምመለስ ነበር። እኛ ታካሚዎች ቀዩ መድኃኒት የምንለው ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ሊጎዳ ስለሚችል፣ አስቀድማ የልብ አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ፤ ውጤቱ ደኅና ሆኖ ሲገኝ በእርምጃ ጀምሬ ቀስ በቀስ ሶምሶማ እንድጨምርበት ፈቀደችልኝ። አሁን የኬሞዬን (በመድኃኒት የሚሰጠውን የካንሰር ሕክምና) አምስተኛ ዙር ጨርሻለሁ፤ ስለ እንጦጦ ፓርክ የምሰጠውም አስተያየት የጤነኛ ጎብኚ ሳይሆን የታካሚ ሯጭ አስተያየት ነው።

ከፓርኩ በፊት በሰፈሬ የሚገኝ አንድ ጂም ሞክሬ ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ ዝግ፣ ማለዳ ላይ ሰው የሚበዛበት ሲሆን፣ አሠልጣኙም ሕመሜን ከነገርሁት በኋላ እንኳ ለሌሎቹ የሚሰጠውን ልምምድ ነበር የሰጠኝ። በኬሞው ምክንያት ነጭ የደም ሴል በሚያንስበት ሳምንት እንዲህ ያለ ቦታ ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ በሁለተኛው ቀን ተውሁት።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ያለው ትልቁ ጥቅም አየሩ ክፍት መሆኑና በፈለጉበት ቦታ መቆም መቻሉ ነው። የእግረኛው መንገድ በዛፎች መካከል የሚያልፍ ሲሆን፣ ፎቶ ለመነሣት የሚቆመውም ለማረፍ የሚቀመጠውም ብዙ ስለሆነ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም ማንም አፍጥጦ አያየኝም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፀጉር የሌለው ራስና የገረጣ ፊት ይዞ በሰው ፊት መሮጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ደግሞም እንጦጦ ጥንቱንም ሕመምተኛ የሚወጣው ተራራ ነው። ለጸበል የሚወጡትን ምእመናን በመንገድ ሳይ፣ ከእነርሱ እንደ አንዷ ሆኜ እንደምወጣ ይሰማኛል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። አትሌቶቻችን ከፍታውን ለልምምድ የሚመርጡት ሰውነታቸው ተላምዶት ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ብለው ነው። ኬሞ ግን ደም የሚሠራበትን የአጥንት መቅኔ ስለሚያዳክም፣ ሄሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) የወረደበት ታካሚ ከከፍታው የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ልቡን ብቻ ያደክማል። እኔም ከሦስተኛው ዙር በኋላ የደም ውጤቴን ሳልጠብቅ ወጥቼ፣ በደኅናው ጊዜ ዳገት ብዬ በማልቆጥራት አጭር ዳገት ላይ ጆሮዬ ጮኾ፣ ዓይኔ ጨልሞ መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ። ሕክምናዬ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ነው፤ ነጭ የደም ሴል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ስለሚወርድ፣ ከዚያ ወዲህ ያን ሳምንት ሰፈሬ ውስጥ በሜዳማ መንገድ በእርምጃ ብቻ አሳልፋለሁ። ወደ እንጦጦ የምወጣው በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐኪሜ የደም ምርመራዬን አይታ ስትፈቅድ ነው፤ ያውም እስከ ላይ በመኪና ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የእግር ነው። ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ የሚሰጠኝ ፓክሊታክሴል የተባለው የኬሞ መድኃኒት የእጅና የእግር ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከመኪና ወርጄ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ክሩ በጣቶቼ መካከል እየሾለከ እምቢ አለኝ። ታናሽ እኅቴ ምንም ሳትናገር ተንበርክካ፣ በልጅነቷ እኔ አስርላት እንደነበረው በድርብ ቋጠሮ አሰረችልኝ። እግሩ የደነዘዘ ሰው ጠጠር መርገጡ እንኳ ስለማይታወቀው፣ ከተነጠፈው መንገድ ወጥቶ በጫካው ውስጥ፣ ይልቁንም በቁልቁለት፣ እንዲሮጥ አልመክርም። በዚያ ከፍታ ፀሐዩም ብርቱ ስለሆነ ሻሽ ወይም ባርኔጣ ያስፈልጋል።

በእነዚህ ጥንቃቄዎች ፓርኩን ለታካሚ ሯጮች ከልቤ እመክራለሁ፤ ሰው ሳይበዛ፣ በማለዳ ቢሄዱ ይሻላል፤ ብቻዎን ግን አይውጡ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ደቂቃ እየተራመድሁ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ እየሮጥሁ ስምንት ጊዜ ደጋግሜያለሁ። ቀድሞ አሥር ኪሎ ሜትር ስጨርስ ከተደሰትሁት ይልቅ በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ተደስቻለሁ።

ስንመለስ፣ ከፓርኩ ውጭ ባለው መንገድ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ለቅቀንላቸው ቆምን። አንዷ ከሸክማቸው ሥር ቀና ብለው ሻሼን አዩና «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» አሉኝ።