ከከሰል ወደ ኢንዳክሽን ስቶቭ፦ ከ14 ወር በኋላ የምለው

ጥቅምት 2017 ላይ ነው የገዛሁት፣ ባለ አንድ ምድጃ፣ 2000 ዋት የሚል ኢንዳክሽን፣ ማለትም ያለ እሳት ድስቱን ራሱን የሚያግል የመብራት ስቶቭ። እስካሁን ድፍን 14 ወር በየቀኑ ሰርቼበታለሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ አራት ሰው ነን። በፊት ሻይና ቁርስ ባለ ሽቦው ስቶቭ ላይ ነበር፣ ወጥና ቡና ግን ከሰል ላይ፣ ምክንያቱም የስቶቩ ሽቦ በየሁለት ሦስት ወሩ እየተበጠሰ መቀየሩ ስልችት ብሎኝ ነበር። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለን ነው ወደ ውስጥ የምናስገባው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ይዘጋል። አንድ ቀን ማታ ትንሿ ልጄ ራሴን አመመኝ አለች፣ ወዲያው አስመለሳት፣ እኔም ስነሳ አዞረኝ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ የለውም ብለን ነው የተዘናጋነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ እኮ አይታይም አይሸትም። መስኮቱን በረገድኩት፣ በማግስቱ ስቶቭ ፍለጋ ወጣሁ።

ሌላም ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነበር። በዝዋይ መንገድ የሄደ ሰው አስፋልት ዳር የተደረደረውን ጆንያ ከሰል ሳያይ አይመለስም፣ እዛ አካባቢ አብዛኛው ግራር ነው። አፈር ለብሶ በባህላዊ መንገድ ሲከሰል ለአንድ ኪሎ ከሰል ቢያንስ አምስት ኪሎ እንጨት ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ከዛ በላይ። እኛ ቤት ደግሞ በወር አንድ ጆንያ እንጨርስ ነበር። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ተከዜ፣ በለስ፣ ጊቤ 3፣ አሁን ደግሞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴ። መብራቱን ድንጋይ ከሰል አቃጥሎ የሚያመነጭ አገር ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ እዚህ ግን ድስቴን ከከሰል ላይ ባነሳሁ ቁጥር ግራር እንደሚተርፍ ነው የማስበው፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ድስት ነው። ሻጩ "ሁሉም ድስት ይሰራል" ብሎኝ ነበር፣ ቤት ገብቼ ብሞክር ካሉኝ ስድስት ድስቶች አራቱን አላውቃቸውም አለ። አሉሚኒየም አይሰራም፣ የሽሮ ሸክላም አይሰራም፣ ምክንያቱም ከመስታወቱ ስር ያለው ጥቅልል ሽቦ ማግኔት ነው የሚፈጥረው፣ እሳት አይደለም፣ የሚግለው ራሱ ድስቱ ነው፣ ስለዚህ ቂጡ ብረት መሆን አለበት፣ ጠፍጣፋም መሆን አለበት። የፍሪጅ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ የድስቱ ቂጥ ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ይሰራል፣ ከተንሸራተተ ተዉት። የሚገርመው የእማዬ የድሮው አበባ ያለበት የኢናሜል ድስት፣ አንድ ጎኑ ተላልጦ ቁምሳጥን ላይ የተጣለው፣ ማግኔቱን ቀጥ አድርጎ ያዘው፣ ከስሩ ብረት ነዋ። አሁን ምስርና ክክ የሚቀቀለው በሱ ነው። ሁለት ድስት ግን አዲስ መግዛት ነበረብኝ፣ ስለዚህ በጀት ስታወጡ የስቶቩን ዋጋ ብቻ አታስቡ።

እማዬ መጀመሪያ ያየችው ቀን "ልጄ፣ እሳት የሌለው ነገር ምኑን ያበስላል?" አለችኝ። "እስቲ ከድስቱ ወጣ ብሎ ያለውን መስታወት ንኪው እማዬ" አልኳት፣ እጇን ፈራ ተባ እያለች አስጠጋችና "ውይ፣ ቀዝቃዛ ነው እኮ!" ውሃው አጠገቡ ይንተከተካል። ሁለት ሊትር ውሃ ሰባት ደቂቃ አካባቢ ነው የሚፈጅበት። ወተት ሲገነፍልም አያርርበትም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ነው።

ወጥ ላይ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ሽንኩርት ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ቀስ ብሎ ነው መቁላላት ያለበት አይደል፣ ይሄ ማሽን ግን ዝቅተኛው ላይ ሲደረግ እንደ እሳት ልስልስ አይልም፣ ጥቂት ሰከንድ በሃይል ይሰራና ጥቂት ሰከንድ ጥፍት ይላል። በስስ ድስት ሳቁላላ ሽንኩርቱን ገለጥ አድርጌ ባየው በክብ ይዟል፣ ልክ እንደ ቀለበት፣ መሃሉ ግን ገና ነጭ ነው። የመጀመሪያው ወር ዶሮ ወጥ አላስነካሁትም። ቂጡ ወፍራም ድስት ስገዛ ተስተካከለ፣ ሙቀቱን ድስቱ ራሱ ይዞ ያቆየዋል። አሁን ቁሌቱን መካከለኛ ሃይል ላይ እጀምርና ውሃው ሲመጥ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ በርበሬ ስጨምር ጠብ ጠብ እያደረግኩ አማስላለሁ፣ የገና ዶሮ በሱ ነው የተሰራው፣ ማንም ልዩነት አላወቀም።

ቡና አልተሳካም፣ በግልጽ ልናገር። ጀበና ሸክላ ነው፣ ቂጡም ክብ ነው። ከስሩ ወፍራም ብረት አድርጌ ሞከርኩ፣ ብረቱ ጋለ፣ ማሽኑ ራሱ ሞቆ ሁለቴ ጠፋብኝ፣ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩት። ስለዚህ እሁድ እሁድና እንግዳ ሲኖር ቡናው ከሰል ላይ ነው፣ በረንዳ ላይ፣ ላቀች በምትባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ። በወር አንድ ጆንያ የነበረው አሁን አራት ወር ይሄድልናል።

የመብራት ነገር ሁሌ የምጠየቀው ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ተውሼ አንድ ወር ሙሉ ለካሁት፣ ኢንዳክሽኑ ብቻውን 40 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ በላ። ከባለ ሽቦው ስቶቭ ያተርፋል ግን እንደሚወራው ግማሽ በግማሽ አይደለም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ካርድ ስሞላ ይታወቀኛል፣ ቢሆንም የከሰሉን ወጪ ስቀንስለት እኛ ቤት ላይ አትርፎልናል።

ጥንቃቄ ደግሞ አለው። ምጣድ ከተሰካ ኢንዳክሽኑን አትንኩ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እኔ እንጀራ የምጋግርበት ቀን ወጡን ቀድሜ እጨርሳለሁ። በዲቫይደርም አትሰኩት፣ የኛ ቀልጦ ሽታው ነው ያነቃን፣ ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሁን። መብራት ሲጠፋ በቃ የለም፣ ለዛ ላቀቿ አለች። ማራገቢያው ስቶቩ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ደቂቃ ይጮሃል፣ እሱ እስኪቆም ከሶኬት አትንቀሉት። ከ14 ወር በኋላ መስታወቱ ትንሽ ተጫጭሯል፣ የሃይል መጨመሪያው ቁልፍ ጠንከር ብሎ ካልተጫኑት አይሰማም፣ ሌላ የተበላሸ ነገር የለውም።

ሁለተኛውን ለእማዬ ደብረ ብርሃን ልወስድላት ነው፣ ብርዱ ላይ ከሰል ታቅፋ ስለምትቀመጥ እሷ ናት የምታሳስበኝ። እዛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ስለሚደክም መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ወስጄ ቮልቴጁን አስለካለሁ፣ የኢናሜል ድስቷንም አብሬ እመልስላታለሁ።