60 ሜትር ይችላል የተባለው ኬዝ፦ ሰባት ወር ከአክሽን ካሜራዬ ጋር

ባህር ውስጥ የቀረጽኩት ቪዲዮ 11 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ጥርት ብለው ይታያሉ። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የራሴ እግር፣ ደግሞ አሸዋ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ የባህር ኤሊ መጣች። ልክ እሷ ስትመጣ መሃል ላይ ነጭ ነገር ተጋረደ። ኤሊዋ አጠገቤ ሆና የባህር ሣር ስትግጥ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቀርጬአታለሁ። ቪዲዮው ላይ ግን ወተት ውስጥ የምትዋኝ ጥላ ነው የምትመስለው።

ስለዚህ ካሜራ ልጽፍ የተነሣሁት ያኔ፣ በሁለተኛው ወር ነበር። ያኔ ብጽፍ ኖሮ ስድብ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ሰባት ወር ሆኖኛል። ንዴቱ በርዷል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

በመጀመሪያ ውሃ የገባ መስሎኝ ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ወጥቼ ኬዙን፣ ማለትም ካሜራው የሚገባበትን ውሃ የማያስገባ ሽፋን፣ ከፈትኩት። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለችም። ካሜራውም ደህና ይሠራል። የኬዙ መስታወት ግን ከውስጥ በኩል አልቦታል፤ ዝናብ ሲዘንብ የመኪና መስታወት እንደሚሆነው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ በካናቴራዬ ጠረግኩት፤ እዚያው ፀሐይ ላይ መልሼ ዘጋሁትና ገባሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ከበፊቱ ብሶ አረፈው።

ሻጩን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተሟገትኩት መሰላችሁ።

«ኬዙ እስከ 60 ሜትር ውሃ አያስገባም ብለናል። አስገባ?»

አላስገባም።

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ምን እንደሆንኩማ ኤሊዋን ጠይቃት!

የሚያበግነው ደግሞ ሰውየው ልክ መሆኑ ነው። ውሃውን ያስገባሁት እኔው ነኝ። ውሃው ዳር፣ በሞቃትና እርጥበት ባለው አየር መሃል ቆሜ ኬዙን ስዘጋ ያንን አየር አብሬ ቆለፍኩበት። ካሜራው ቪዲዮ ሲቀርጽ ይግላል። ከውጭ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ የያዘው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይለጠፋል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላቡ ያለው ከውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። 60 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው ሰባት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚችል ዕቃ በአንድ እፍኝ አየር ተረታ። ካርቶኑ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም። ፈገግ ያለ ጠላቂ ግን በትልቁ አለ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስቤ ነበር፤ ካሜራውና ኬዙ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ቦታ የላቸውም። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ወፍራም ወረቀት የሚመስሉ ቁራጮች አሉ፤ እነሱ ካሜራው ሥር ይገባሉ። ሲረጥቡ ኦቨን ውስጥ አድርቆ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ይሠራሉ። ግን ተጠንቀቁ። አንድ ቀን ኬዙን ልዘጋው ስል የአንዷ ጫፍ በጎማ ቀለበቱ ላይ ተጋድማ አየኋት። ያ ቀለበት ነው ውሃውን የሚያግደው። አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀመጥበት እንኳ ላብ ሳይሆን እውነተኛ ባህር ነው የሚገባው። ላቡን ስሸሽ ካሜራውን ላሰምጠው ነበር።

ከሁሉም የጠቀመኝ ነፃው ነው። ኬዙን ቤት ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ እዘጋዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውሃው ዳር ብሞትም አልከፍተውም። ፀሐይ ላይ አላስቀምጠውም፤ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። በሁለት ቀረጻ መሃል ደግሞ አጠፋዋለሁ፣ እንዳይግል። በዚህ መንገድ ከአምስት ጉዞ አራቱ ጥርት ብለው ወጡልኝ። አምስተኛው ለምን እንዳላበው እስካሁን አልገባኝም።

ስለ ካሜራው ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ባትሪው ይበቃኛል። አዝራሩ በደንብ ይጫናል። ስክሪኑን ውሃ ውስጥ በጣት መንካት ከንቱ ድካም ነው። ስልኬን ይዤ ከላይ ሆኜ በዋይፋይ ልቆጣጠረው ሞክሬም ነበር። አትሳቁ። ዋይፋይ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ሳይሄድ ይጠፋል። ካሜራው ደግሞ ካመለጠ እንደ ድንጋይ ነው የሚሰምጠው፤ ተንሳፋፊ እጀታ ግዙለት።

ቀለም ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለሁለት ሳምንት ካሜራውን ያለ ጥፋቱ አምቼዋለሁ። እጄ ላይ ቀይ ክር አስሬ ነበር የገባሁት። ቪዲዮው ላይ ክሩ ጭቃ የነካው ቡናማ ሆኖ ቁጭ አለ። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ውሃ ከቀለሞች ሁሉ አስቀድሞ የሚውጠው ቀይን ነው፤ አምስት ሜትር አካባቢ ሲደረስ አብዛኛው አልቋል። ሻጩ ለዚህም መድኃኒት አለው፣ ቀይ ፊልተር። እኔ በምዋኝበት ጥልቀት ግን ፊልተሩ ዓለሙን ሁሉ ሮዝ አደረገው። የተሻለው ነገር ጠጋ ማለት ነው። በሌንሱና በዓሣው መሃል ያለው ውሃ ሲቀንስ ቀለሙም ይመለሳል፣ የሚንሳፈፈው ብናኝም ይቀንሳል። ደግሞ ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ክንድ የሚያህል ዓሣ ከሩቅ ከተነሣ ክብሪት ያክላል። በጣም ስትጠጉ ደግሞ ይደበዝዛል፤ የእኔው ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ወዲህ ያለውን አያጠራም። እንግዲህ በዚያች ርቀት ላይ ፈቅዶ የሚቆምላችሁ ዓሣ ፈልጉ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልመለስ። ባለፈው ወር የመመሪያ መጽሐፉን ሌላ ነገር ስፈልግ ገለጥኩት። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በደንብ በሚነበብ ፊደል፣ ካሜራው ያለ ምንም ኬዝ እስከ 10 ሜትር ውሃ እንደማያስገባ ተጽፏል። የባትሪው በር በትክክል ይዘጋ፣ በቃ። እኔ ትንፋሼን ይዤ የምጠልቀው ቢበዛ አራት ሜትር ነው። ለአራት ሜትር ሰው 60 ሜትር ኬዝ ገዝቻለሁ፤ ያ ኬዝ ደግሞ ኤሊዬን ወሰደብኝ።

«ለጥንቃቄ ነው እኮ ጌታዬ» ይለኛል ሻጩ። ከዓለት ጋር ሲጋጭ ያድነዋል ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ያድነዋል። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ጥልቁ ለሚወርድ ሰውማ ግዴታ ነው። እኔን ግን ስንት ሜትር ትወርዳለህ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ አራት ሜትር ማለት አሳፍሮኝ።

ካሜራውን ብትጠይቁኝ ዛሬም እገዛዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ራቁቱን ነው የማስገባው። በሩን ሦስት ጊዜ አየዋለሁ፣ ስወጣ በንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ ጨው እንዳይደርቅበት። ላብ የለም፣ ጭጋግ የለም። ኤሊዋን ብዬ እዚያው ቦታ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አሸዋው፣ ድንጋዩና እግሬ በሚያስደንቅ ጥራት ተቀርጸዋል።

ኬዙን አልጣልኩትም። ስዋኝ የቤቴን ቁልፍ እይዝበታለሁ። ቁልፉን እስካሁን አላላበውም።