በአባዬ ሬዲዮ ነፍስ ለዘራው ልጅ

እናንተዬ፣ ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለሙያ አገኘሁ። እውነተኛ ባለሙያ! ስሜን አትጻፊ ስላለኝ ነው እንጂ በትልቁ ነበር የምጽፈው።

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እማዬ ካረፈች በኋላ ከደብረ ብርሃን አምጥቼው አዲስ አበባ እኔ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመረ። ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ፣ ጋቢውንና አሮጌዋን ፓናሶኒክ ሬዲዮ ነው። ደብረ ብርሃን እያለ ከሬዲዮዋ የተቀጠለ ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ግቢያችን ካለው ባህር ዛፍ ላይ ታስሮ ነበር። ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን የጀርመን ድምፅ ይከፈታል። እሱ ዶይቸ ቬለ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፣ የጀርመን ድምፅ ነው የሚለው። የአማርኛው ክፍል በ1957 ሲጀምር አባዬ ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተቀያይሯል፣ እሱ ግን ሰዓቱን አልቀየረም። በደርግ ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር የሚሰማው። እማዬ በር ላይ ቆማ ኮቴ ታዳምጥለት ነበር። ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገረን አልቆጥረውም።

ኮንዶሚኒየም ሲገባ ግን ሬዲዮዋ ሽሽሽሽ ብቻ ሆነች። ኤፍ ኤሙ ደህና ነው፣ ሸገር 102.1 ጥርት ብሎ ይገባል። የጀርመን ድምፅ የሚገባበት አጭር ሞገዱ ነው እምቢ ያለው። ስልክ ላይ አወጣሁለት፣ ሁለት ቀን ሞክሮ መለሰልኝ። «ይሄ ወሬው መሃል ላይ ሲደርስ ይሽከረከራል። ሬዲዮ ተሽከርክሮ አያውቅም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ዝም ብሎ መስኮት መስኮቱን ያያል። ዝምታው አንጀቴን በላው።

ጥገና ቤት ወሰድኩ። የመጀመሪያው ሳያዳምጣት እንኳ «ተቃጥላለች» አለኝና አንድ ነገር ቀየርኩ ብሎ 1,200 ብር ተቀበለኝ። ቤት ስከፍታት ሽሽሽሽ። ስመልስለት «እኔ ጋ ትሰራለች፣ ቤትሽ ነው ችግሩ» አለኝ። ቤቴ ችግር መሆኑን ካወቅክ ታዲያ ብሩን ለምን ወሰድክ? ሁለተኛው የኤሌክትሪክ አንቴና ሸጠልኝ። ጩኸቱ በእጥፍ ጨመረ፣ አባዬ ጆሮውን ያዘ። ሦስተኛው የባሰ ነው። «አባትሽን ዲሽ ግዢላቸው፣ የምን ሬዲዮ ነው በዚህ ዘመን» ብሎ አባዬ ፊት ሳቀ። ከዚያ ደግሞ የመስኮቱን ፍሬም እበሳለሁ ብሎ መስታወቱን ሰነጠቀው። ሽቦውንም ከደጅ ካለው የመብራት ገመድ ጎን ሊዘረጋው ነበር፣ ጎረቤት ጮሃ አስቆመችው። የመስታወቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ይሄኛውን ልጅ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ለጎረቤቴ ዲሽ ሊያስተካክል መጥቶ ደረጃ ላይ ተገናኘን። «አንዴ እይልኝ» አልኩት፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር እኮ።

ሬዲዮዋን አልፈታትም። ይሄ ነው መጀመሪያ የገረመኝ። አባዬ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «አባባ፣ የትኛውን ጣቢያ ነው የሚፈልጉት? ስንት ሰዓት ነው የሚሰሙት?» ብሎ ጠየቀው። ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱ እንኳ አባዬን አልጠየቀውም፣ ሁሉም የሚያናግሩት እኔን ነበር። አባዬ ቀና አለ። ከባህር ዛፉ ጀምሮ ነገረው፣ ልጁም ሳያቋርጥ ሰማው።

ከዚያ ሬዲዮዋን እንደከፈታት ተሸክሞ ቤቱን ዞረ። ሳሎን ሽሽሽሽ። መኝታ ቤት ሽሽሽሽ። መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ ሲያወጣት አንድ ሰው በዐረብኛ ሲያወራ ተሰማ! «ሬዲዮዋ ጤነኛ ናት፣ ግድግዳው ነው» አለ። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ ምናምን ብሎ አስረዳኝ። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ መስታወቱ እንደሚያሳልፍና ብረቱ እንደሚከለክል ነው።

ቀጥሎ «መብራቱን አጥፊልኝ» አለኝ። ከዚያ የስልክ ቻርጀሩን፣ ከዚያ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ሶኬት አስነቀለኝ። የቻርጀሩ ሲነቀል ጩኸቱ ቀጥ! አንድ ርካሽ ቻርጀር ናት አባቴን ለአራት ወር ያሳበደችው። እኔ ነኝ የገዛኋት፣ ከመንገድ ላይ።

ከቦርሳው ቀጭን የመዳብ ሽቦ አወጣ፣ የሞተር ጥቅል የሚጠቀለልበት ዓይነት ናት፣ ክር ታክላለች። በመስኮቱ ጎማ ጎን አሳልፎ አምስት ሜትር ያህል ወደ ታች ለቀቃት፣ ጫፏ ላይ ንፋስ እንዳያወዛውዛት ትንሽ ብሎን አሰረላት። መስኮቱ ይዘጋል! ምንም አልተበሳም! የውስጡን ጫፍ ሬዲዮዋ አንቴና ላይ በልብስ መቆንጠጫ አያያዘው። በእኔው የልብስ መቆንጠጫ። የመብራት ገመድ በዚያ በኩል እንደሌለም አንገቱን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አይቷል።

አሁን የምነግራችሁን ነው የማልረሳው። ሥራውን ሲጨርስ አስር ሰዓት ተኩል ነበር። «ጣቢያቸው አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚገባው፣ ሳልሰማው ብሄድ ሠራሁ አይባልም» አለና ሄዶ ሌላ ሥራውን ጨርሶ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው? ቡና አፈላሁ። አባዬ ቁልፏን ቀስ እያለ አዞረ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ «ይህ ዶይቸ ቬለ ነው» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። አባዬ አልተናገረም። ጋቢውን ወደ ዓይኑ ወሰደ። እኔ ወደ ኩሽና ሄድኩ፣ ስኳር ላመጣ ብዬ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

300 ብር ነው የጠየቀኝ። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። ሊወጣ ሲል ለአባዬ «ክረምት መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ሽቦዋን ከሬዲዮዋ አላቅቀው በመስኮት ወደ ውጭ ያውጧት፣ አደራ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመው። አባዬ «እሺ መምህር» አለው። አባዬ ሰውን መምህር ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እና ወገኖቼ፣ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሬዲዮ እምቢ ያላችሁ፣ ዲሽም ቢሆን፣ እባካችሁ ይሄን ልጅ ጥሩት። መጀመሪያ ግን ቻርጀራችሁን ንቀሉ። ሌላ ቦታ ብር አታፍስሱ፣ እኔ አፍስሼ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ሰው ነው፣ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው፣ ደግሜ እላለሁ፣ ጥሩት። ስልኩን በይፋ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ምሽት ግን አትደውሉልኝ፣ እዚህ ቤት በዚያ ሰዓት ማውራት ተከልክሏል።