ደብረ ብርሃን ላይ የሚሰጠው የብሉዝ ጊታር ትምህርት

ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም፤ አስተማሪው ሊክ (አጭር የዜማ ሐረግ) ከማስሸምደድ አልፎ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል። መነሻው 5ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አምስተኛው) ላይ ያለው የኤ ብሉዝ ስኬል ነው፤ ኖታዎቹም፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኢ፣ ጂ። ባቲ ማይነር የተባለውን ቅኝት የለመደ ጆሮ አምስቱን ወዲያው ይለያቸዋል፤ እንግዳው ኢ ፍላት ብቻ ነው። እሱ ላይ ብዙ ከተቆየ ይጎረብጣል፣ ወደ ዲ ወይም ወደ ኢ ማለፍ አለበት።

ምርጡ ክፍል ክር መግፋቱ ነው፤ የተያዘውን ክር ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ ማለት ነው። 3ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ያለው ዲ ተገፍቶ ኢ መድረስ አለበት፤ መድረሱ የሚታወቀው ከ2ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ጋር እኩል ሲሰማ ነው። ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የሚቀረው በቀለበት ጣት ብቻ ስለሚገፋ ነው፤ መካከለኛውና ጠቋሚው ከኋላ ይደግፉት። ከዚያ ያችኑ ሊክ ግማሽ ምት አዘግይቶ መጀመር፣ የመጨረሻዋን ኖታ መጣል፣ በቦታዋ ዝም ማለት። ሊክ የራስ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፣ በጣም ደስ ይላል!

ጉድለቱ የሚያውሱት ጊታር ነው። አኮስቲክ ስለሆነ 3ኛው ክር በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ነው፣ ሙሉ ቶን (ከዲ እስከ ኢ ያህል) በቀላሉ አይገፋም። ኤሌክትሪክ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በደብረ ብርሃን ብርድ የመጣ ጊታር ክፍሉ ውስጥ ሲሞቅ ክሩ ስለሚላላ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ቃኙት።