የኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው ስፖርት የምታሠራ ባለሙያ ለምትፈልጉ

አባዬን እቤት እየመጣች ስፖርት የምታሠራልንን ፊዚዮቴራፒስት ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁማት ነው። ያለነው አዲስ አበባ ነው።

አባዬ በሳምንት 2 ጊዜ ይታጠባል። አንዱ እጥበት 4 ሰዓት ነው። ታጥቦ ሲመጣ አቅሙ ድክም ይላል፤ በማግስቱም አልጋ ላይ ይውል ነበር። ሊጠይቀው የሚመጣው ሁሉ «አርፈህ ተኛ» ይለዋል። ከፍቅር ነው። ግን የኩላሊት ሕመም ራሱ ጡንቻ ያከሳል፣ ደም ማነሱም ያደክማል። መተኛት ሲጨመርበት እግሩ ቀጥኖ፣ ከሶፋ ለመነሳት እንኳ ሰው ይደግፈው ጀመር።

እኔ እምነቴን የጣልኩባት ገና ምንም ሳታሠራው ነው። መጀመሪያ የእጥበት ሐኪሙን ፈቃድ ጠየቀች። የደም ግፊቱን ለካች፤ ያውም ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ እንዲገባበት በቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ የደም ሥር) በሌለበት ክንዱ። ማንም በዚያኛው ክንድ እንዳይለካው ደጋግማ አስጠነቀቀችን። ከዚያ «አባባ፣ ለዛሬ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ብቻ ይበቃዎታል» አለችው።

አሁን እጥበት በሌለበት ቀን ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ይራመዳል። ግድግዳ ይዞ ተረከዙን ያነሳል። ፊስቱላ ባለበት እጁ ለስላሳ ኳስ ይጨብጣል፤ ከባድ ነገር ግን በዚያ እጅ አያነሳም። ልኩ እያወራ መሥራት መቻሉ ነው። ትንፋሽ ካጠረው፣ ካዞረው ወይም ደረቱን ካመመው ወዲያው ያቆማል። ፀሐይ ሳይበረታ የምታሠራው ደግሞ ውሃ እንዳይጠማው ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው አላበኝ ብሎ እንደልቡ አይጠጣም።

በእጥበት ቀንም ነርሶቹ ሲፈቅዱለት ማሽኑ ላይ እያለ እግሩን ያሠራል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ላይ ብቻ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግፊት ሊወርድ ይችላል። መርፌ ያለበት ክንድ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ሳምንት እጥበቱ ተላልፎበት ነበር። መጥታ ይህን ስትሰማ «ዛሬ አናሠራም» አለች። ሳይታጠብ ሲቀር ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ልብ ላይም አደጋ ያመጣል ብላ አስረዳችን። ቶሎ እንዲታጠብ እንድንሯሯጥ ነግራን፣ የዕለቱንም ክፍያ ሳትቀበል ሄደች። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስንቱ ቤት ያስፈልጋል!

ስፖርቱ እጥበቱን አይተካም፣ እሷም እንዲህ ብላ አታውቅም። ግን አባዬ አሁን ብቻውን ይነሳል። ባለፈው እሁድ ማንም ሳይደግፈው ቤተክርስቲያን ስሞ ተመለሰ። «ልጄ» ነው የሚላት። እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ እጅሽ ይባረክ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላት የሐኪሙን ፈቃድ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ዝርዝርና የእጥበት ቀኑን አዘጋጁ። ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጀምርም።