ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለምትወልዱ፦ እህቴ የወለደችበት ጤና ጣቢያ

እህቴ የወለደችው ከቃሊቲ ወዲያ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካሉት የመንግስት ጤና ጣቢያዎች አንዱ ጋ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አራቱም ለማዋለጃ ክፍሉ ናቸው።

መጥፎውን ቶሎ ልጨርስ። ካርድ ክፍል ሰልፉ ያማርራል፣ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም (ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ)፣ አስታማሚ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፣ አስፋልቱም እዛ ሳይደርስ ያልቃል፣ ምጥ የያዛትን ሴት በባጃጅ እንዳታመጧት። ክፍያ ግን የለም፣ ወሊድ በመንግስት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው፣ መድሃኒቱም ጭምር፣ ጓንት ግዙ እንኳን ያለን የለም።

አሁን እህቴ ከወለደች በኋላ ወደፈሰሳት ደም ልምጣ፣ የምጽፈው ለሱ ነው። ልጁ እንደወጣ ሲስተሯ የእህቴን ሆድ ዳብሳ ሌላ ልጅ እንደሌለ አረጋገጠችና ደቂቃ ሳይሞላ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት። ይሄ መርፌ ደም ለበዛባት ብቻ የሚሰጥ አይደለም፣ ለወለደች ሁሉ ነው፣ ምክንያቱም ከወሊድ በኋላ ደም የሚበዛው ባብዛኛው ማህፀን አልኮማተር ሲል ነው፣ እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ያሉትን የደም ስሮች ጨምቆ የሚዘጋቸው የማህፀኑ ጡንቻ ነው፣ መርፌው ደግሞ እሱን ያኮማትረዋል።

እንግዴ ልጁም በሰላም ወጣ፣ እልል ተባለ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባለ፣ እናቴ ለገንፎው ወደ ቤት ልትሄድ ነጠላዋን እያጣፋች እያለ ሲስተሯ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና ጓደኛዋን በስሟ ተጣራች። ብዙ ቦታ እኮ "ወላድ ነች፣ ደም ያለ ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ ሴቶቻችንን የሚጨርሰው ይሄ ማለፍ ነው። ግማሽ ሊትር ከደረሰ ብዙ ፈሷል ማለት ነው፣ ጨርቅና ፓድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ለአይን ትንሽ ይመስላል።

አንዷ ማህፀኗን ከላይ እያሸች፣ ሌላዋ በቱቦ ሽንቷን አወጣች (ፊኛ ሲሞላ ማህፀን በደንብ አይኮማተርም)፣ ሳላይን (በደም ስር የሚገባ ፈሳሽ) ተሰቀለ፣ ውስጡ 20 ዩኒት ኦክሲቶሲን ተጨመረበት። ኤርጎሜትሪን የሚባል ማህፀን የሚያኮማትር ሌላ መርፌም አለ ግን የደም ግፊት ላለባት ሴት አይሰጥም፣ እህቴ ደግሞ በእርግዝናዋ ግፊት ነበረባት፣ ሲስተሯ ይሄንን ካርዷ ላይ አይታ ነው የተወችው፣ በዛ ሁሉ ጥድፊያ መሃል ካርድ ማንበቧን መቼም አልረሳላትም።

ከዛ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ስር ቀስ እያለች በ10 ደቂቃ ሰጠቻት። ይሄኛው ማህፀን አያኮማትርም፣ የረጋው ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ ነው የሚያደርገው፣ ከወለደች በ3 ሰአት ውስጥ ካልተሰጠ ደግሞ ጥቅም የለውም፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በ21 ሀገር 20 ሺህ ሴቶች ላይ የተሰራ ጥናት በጊዜ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። አምቡላንሱም ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ምክንያቱም ደሙ ካልቆመ ደም ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ነበር የምትሄደው። ቆመላት፣ ተመስገን።

በነጋታው ሲስተሯን ስጠይቃት ኦክሲቶሲኑን ከክትባቱ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው አለችኝ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር አለ። እህቴ ክትትል የጀመረችበት አንድ የግል ክሊኒክ ግን (አልጠራውም) ብልቃጡን መደርደሪያ ላይ ደርድረው ነበር የሚያስቀምጡት፣ ሙቀት ሲመታው አቅሙን የሚያጣ መድሃኒት እኮ ነው፣ መርፌውን ተወጋች ተብሎ መርፌው የማይሰራበት ነገር ሳስበው አሁንም እናደዳለሁ። ፍሪጅ የማይፈልግ፣ ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል መርፌ አለ፣ ደም እንዳይፈስ ለመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ በ2018 እ.ኤ.አ. ታይቷል፣ እንደኛ መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበት ሰፈር እሱ በየጤና ጣቢያው ቢገባ ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለውሃውና ለወረፋው ብቻ አይደለም፣ አልጋ ስለጠበበ በዛው ቀን ማታ "ደህና ናት፣ ውሰዷት" ሊሉን ነበር። ደም እንደዛ ለፈሰሳት ሴት ይቅርና በደህና ለወለደችም ቢያንስ 24 ሰአት መቆየት ይመከራል፣ እናቴ እንቢ ብላ በሩ ላይ ቆማ ነው ያሳደረቻት፣ እናንተም እንቢ በሉ።

ወራችሁ ሳይገባ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ኦክሲቶሲኑ የት ነው የሚቀመጠው፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ አላችሁ ወይ፣ ሌሊት ተረኛ ስንት ሰው ነው፣ ሪፈር ከተባለ አምቡላንሱ ከየት ነው የሚመጣው። የቀይ መስቀልን 907 ደግሞ የባላችሁም የእናታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡት።