የጓሮዬ የወፍ ቤት ከአሥር ወር በኋላ

ባለፈው ጥቅምት ይህን የወፍ ቤት ጓሮዬ ውስጥ ሳስተክል ጎረቤታችን ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰውም በጋቢ ነው የሚያድረው፤ እነዚህን ሚስኪኖች ልትፈጂያቸው ነው?» አሉኝ። እኔም ውስጤ ፈርቶ ነበር። ከተማችን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ባቄላ ያቃጥላል።

አሁን ነሐሴ ላይ ነን። ውርጩም አብዛኛው ክረምትም አልፎብናል። ቤቱ ውስጥ በብርድ የሞተ አንድም ወፍ የለም። የጎዳኝ ሌላ ነው።

ቤቱን የሠራልኝ እዚሁ ያለ አንድ ብየዳ ቤት ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1.5፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎኖቹ ሽቦ። የሦስት ደህና የመንዝ ሙክት ዋጋ ወጣብኝ፤ ነገሩ በተነሳ ቁጥር እናቴ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ብረቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። አንቲረስት ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ የዛገው ብየዳው ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው።

ሽቦው ግን አንድ ሳምንት አስለፍቶኛል። በያጁ መጀመሪያ ያመጣው ተራ የዶሮ ሽቦ ነበር። «ወፍ አይወጣበትም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወፍ አይወጣበትም፤ አይጥ ግን ይገባበታል። ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ሽቦ አስቀየርኩት። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ባጂዎች ሽቦ የሚወጡት በእግርም በምንቃርም ነው (ባጂ የምለው ባጀሪጋር የሚባለውን ትንሹን በቀቀን ነው)። አዲስ ሽቦ ላይ ተንጠባጥቦ የደረቀውን ዚንክ ፈልፍለው ከዋጡ ይመረዛሉ። ስለዚህ ሽቦውን በሙሉ በአቼቶና በብሩሽ ፈትጌ፣ በውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ክንዴ ለሁለት ቀን አልታዘዝ አለኝ። ወለሉንም ሲሚንቶ አስደረግኩት፤ አይጥ ከሥር ቆፍሮ ይመጣልና።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ባጂ የመጣው ከአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። ቀስ ብሎ ከለመደ ደረቅ ብርድ ይችላል። የማይችለው ነፋስና እርጥበት ነው። እኔ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ይግባላቸው ብዬ ክፍቱን ፊት ልክ ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሬ አስተክዬዋለሁ! በኅዳር አንድ ጠዋት የውሃ ሳህናቸው ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ፣ እነሱም ላባቸውን ነፍተው ክብ ኳስ መስለው አገኘኋቸው። በዚያው ቀን ሦስቱን ጎን በጣውላ ዘጋሁ። ለፊቱ ማታ ማታ የሚወርድ ወፍራም ላስቲክ ሰቀልኩ። ከዚያ በኋላ ውርጩ የውሃ ሳህን ከማቀዝቀዝ አላለፈም። መጀመሪያ የጋረድኩት አሮጌ ብርድ ልብስ ነበር፤ እሱን አትሞክሩ። የአንዷ ጥፍር በክሩ ተጠላልፎ ተንጠልጥላ አደረች።

ለመቆሚያ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው የምጠቀመው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለእግራቸው ጥሩ ነው፤ ቅርፊቱን ሲልጡም ይውላሉ። ደግሞስ ባሕር ዛፉም ባጂውም ከአውስትራሊያ የመጡ አይደሉም? የአገር ልጆች ተገናኙ።

አብረው የሚኖሩትን መምረጥ ላይ ነው ጉዱ። አዲስ አበባ ላይ የሸጠልኝ ሰው ሁሉንም «ላቭበርድ» (የፍቅር ወፍ) ይላቸዋል። ስምንት ገዛሁ። ስድስቱ ባጂ ናቸው። ሁለቱ ግን ጅራታቸው አጭር፣ ምንቃራቸው ወፍራም፣ እውነተኞቹ ላቭበርዶች። ስማቸው የፍቅር ይሁን እንጂ ፍቅራቸው ለራሳቸው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን የአንዷን ባጂ ጣት ነክሰው ቆረጡት። በሽቦ ከፈልኳቸው። ባጂዋ የመለያው ሽቦ ላይ ስትወጣ ከወዲያ በኩል ሆነው እንደገና እግሯን ያዟት። መለያ ሽቦ ድርብ መሆን እንዳለበት የተማርኩት ያኔ ነው። በመጨረሻ ለብቻቸው ለሚያኖራቸው ሰው ሰጠኋቸው።

በእነሱ ምትክ ሁለት ኮካቲሎች (ጉትያ ያላቸው በቀቀኖች) አስገባሁ። መጀመሪያ ግን ቤት ውስጥ፣ ለብቻቸው፣ 30 ቀን አስቀመጥኳቸው፤ አንድ የታመመ ወፍ ሁሉንም ይጨርሳል። ኮካቲል ከባጂ በጣም ይተልቃል፤ ግን ጨዋ ነው። እንዲያውም ባጂዎቹ ናቸው እሱን ከምግብ ሳህን የሚያባርሩት። ችግሩ ድንጉጥነቱ ነው። በሰኔ አንድ ሌሊት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በጨለማ ተነስተው ከሽቦው ጋር ሲላተሙ አደሩ። አንዱ ክንፉ ደማ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ የሶላር መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ደግሜ ባሠራ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አስደርግ ነበር።

ባጂዎቹ እርስ በርስ የሚጣሉት በመፈልፈያ ሣጥን ብቻ ነው፤ የሚጣሉትም ሴቶቹ ናቸው። ሴት መሆኗ በአብዛኛው ከምንቃሯ በላይ ባለው ቦታ ይታወቃል፤ የወንዱ ሰማያዊ ነው፣ የሷ ለመውለድ ስትደርስ ቡናማ ይሆናል። ለሦስት ጥንድ አምስት ሣጥን፣ ሁሉንም እኩል ከፍታ ላይ ሰቀልኩ፤ ጠቡ ቆመ። 18 ቀን ገደማ ታቅፈው እስካሁን አራት ጫጩት አድጎልኛል። ውርጩ ሲመለስ ሣጥኖቹን አነሳለሁ፤ በብርድ እንቁላል አልወጣ ሊላቸው ይችላል።

ምግብ ቀላል ነው፤ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ጎመን፣ የተቀቀለና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። አቮካዶ ግን በፍጹም፤ መርዝ ነው። ኩሱን ስጠርግ አፍና አፍንጫዬን እሸፍናለሁ። ውሃ አርከፍክፌ ነው የምጠርገው፤ ደረቁ አቧራው ለሰውም በሽታ ያመጣል።

የዚህ ቤት ትልቁ ጉድለት በሩ ነው። ሰው የሚያህል አንድ በር፣ በቀጥታ ወደ ጓሮው የሚከፈት። በያጁም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት። በመጋቢት አንድ ቀን በሁለት እጄ ሳህን ይዤ በሩን በትከሻዬ ስገፋ ቢጫዋ ባጂ ከራሴ በላይ እልም አለች። ጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ አረፈች። ሳህን አሳየሁ፣ አፏጨሁ፣ ጓደኞቿን በትንሽ የሽቦ ቤት አውጥቼ ከዛፉ ሥር አስቀመጥኩ። እስኪመሽ ሲጮኹ ትመልስላቸው ነበር። ጠዋት የለችም። ጭልፊት ይሁን ብርድ እንጃ።

አሁን ከበሩ ፊት አንድ ሰው የምታቆም ትንሽ ክፍልና ሁለተኛ በር አስበይጃለሁ። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ከዚያ ወዲህ የወጣ የለም። ጋሼ ግን ጠዋት ጠዋት ከጓሯቸው ጎመን ቆርጠው ሲያቀብሉኝ፣ እስካሁን ባሕር ዛፉን ቀና ብለው ሳያዩ አይመለሱም።